ፍላፕ የሚመረጠው ለሌሊቱ ነው፦ «የደረት ጡንቻ ዘመን አልፏል» ላሉት ባልደረባ ከደሴ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሙያ ባልደረባችን የአፍ፣ የመንጋጋና የአንገት ካንሰር ተቆርጦ ከወጣ በኋላ የጎደለውን አካል ስለ መተካት የጻፉት ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ ሐኪሞች ዘንድ ሲዘዋወር ሰነበተ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ከሩቅ የሰውነት ክፍል ከነደም ስሩ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚገጠመው ነፃ ፍላፕ (ጉድለቱን የሚሞላ፣ የራሱ ደም የሚዞርበት ሥጋ) የዘመኑ መለኪያ ነው፤ ከደረት፣ ከግንባር ወይም ከአንገት ሥሩ ሳይቆረጥ የሚዞረው ፍላፕ ጊዜው ያለፈበትና መልክ የሚያበላሽ ነው፤ ነፃ ፍላፕ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ይሳካል፣ በአንድ ጊዜ ስለሚያልቅም ይረክሳል፤ ይህን መሥራት የማይችል የክልል ሆስፒታል ታካሚውን ወደ አዲስ አበባ መላክ እንጂ መንካት የለበትም፤ ኖማ በሚባለው ፊትን በሚበላ በሽታ ፊታቸው የተበላ ልጆች ግን ቀላል ስለሆኑ ቆዳ አዙሮ ቀዳዳውን መድፈን ይበቃቸዋል። መጨረሻ ላይ ለደሴ ማይክሮስኮፕ ይገዛ ብለው ይደመድማሉ።

እኔ ደሴ ላይ የምሠራ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ከጽሑፉ የምስማማበት አለ፤ በቦታው እናገረዋለሁ። የማልስማማበት ግን ሥሩ ላይ ነው። ባልደረባችን ፍላፕ የሚመርጡት ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ቆመው፣ መብራቱ በርቶ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው አጠገባቸው ሆኖ ነው። ፍላፕ የሚሞተው ዋርድ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሌሊት።

ለሕክምና ሰው ላልሆነ አንባቢ አንድ ነገር ላስቀድም። ካንሰር ከጉንጭ ወይም ከምላስ ሲወጣ የሚቀረው ጉድጓድ እንደ ሌላው ቁስል ተሰፍቶ የሚተው አይደለም። በላይ ምራቅ አለ፤ በታች ደግሞ ካንሰሩ የሚሰራጭባቸውን ዕጢዎች ለማጽዳት የተከፈተው አንገት፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ትልቁ ደም ቅዳ ተገልጦ። ምራቁ ወደ አንገት ከሰረገ ቁስሉ ይመግላል፤ የደም ቅዳው ግድግዳ ይበላል፤ ከፈነዳም ታካሚውን ለማትረፍ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው። ስለዚህ በስሱ ተልጦ የሚለጠፍ ቆዳ እዚህ አያዋጣም፤ የራሱ ደም የሚዞርበት ሥጋ መምጣት አለበት። ፍላፕ የምንለው ይህንን ነው። ሥሩ እንደተያያዘ ዞሮ ሊመጣ ይችላል፤ ወይም እንደ ችግኝ ተነቅሎ፣ ደም ቅዳውና ደም መልሱ አንገት ላይ ካሉት ደም ስሮች ጋር ተሰፍቶ፣ አዲስ ቦታ ሊተከል ይችላል። ክርክራችን በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

«ጊዜው ያለፈበት» ከሚለው ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቅ ነውና። ከደረት የሚነሳውን የፔክቶራሊስ ፍላፕ አርያን የተባሉ ቀዶ ሐኪም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ሐኪሞቹ ዳንኤልና ቴይለር ከብሽሽት የተወሰደ ነፃ ፍላፕ ከአውስትራሊያ ያሳተሙት ደግሞ በ1973 ነው። «አሮጌ» የተባለው ከ«አዲሱ» በስድስት ዓመት ያንሳል። ከአገጭ ሥር የሚነሳው ሰብሜንታል ፍላፕ በ1993 ነው የተገለጸው፤ ማለትም ዛሬ ነፃ ፍላፕ በሚሠራበት ሁሉ ከሚወደሰው ከክንዱ (1981) እና ከጭኑ (1984) በኋላ። በሌላ በኩል የግንባሩ ፍላፕ በህንድ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሮ በ1794 በለንደን መጽሔት ላይ የወጣ ነው፤ ዛሬም አፍንጫ ጫፉ ሲጠፋ እጅግ የተሟላ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ የሚመረጠው እሱ ነው፤ በቀለምም በውፍረትም ለአፍንጫ የሚቀርብ ሌላ ቆዳ አይገኝማ። ዕድሜ ቆጥሮ ፍላፕ መጣልም ማንሳትም አይቻልም። ባልደረባችን ይህን ሙግት ቢተዉት ጽሑፋቸው ይጠነክር ነበር።

የሚቀጥለው ክሳቸው ግን ክብደት አለው። የደረቱ ፍላፕ «ጉብ ይላል፣ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎትታል፣ የሴት ጡት ያጣምማል፣ የወንድ አፍ ውስጥ ፀጉር ያበቅላል» ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው። ለጉንጭ ውስጠኛ ሽፋን ወይም ለአፍ ወለል ስስ ነገር በሚያስፈልግበት ቦታ የደረት ጡንቻ መጠቅጠቅ ስህተት ነው፤ ምላስ እንዳይንቀሳቀስ ያስራል፣ ሰውየው ሲናገር አፉ የሞላ ይመስላል። በዚህ ላይ ጠብ የለንም።

ግን ያው ጉብታ የሚፈለግበት ቦታ አለ። ምላስ በሙሉ ሲወጣ የተተካው ሥጋ ከፍ ብሎ ላንቃን መንካት አለበት፤ ካልነካ ታካሚው መዋጥም ሆነ የሚሰማ ቃል ማውጣት ይሳነዋል። ጡንቻው ነርቩ ስለሚቆረጥ በወራት ውስጥ ይሟሽሻል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ አብዝተን እናስቀምጣለን። የተገለጠው የአንገት ደም ቅዳ ላይም ያ ጡንቻ ይተኛበታል። በአፍ በኩል ያለው ስፌት ቢለቅ እንኳ ምራቁ መጀመሪያ የሚያገኘው ጡንቻውን ነው። ጨረር ወስዶ ካንሰሩ በተመለሰበት፣ ቆዳው እንደ ካርቶን በደረቀ አንገት ላይ ይህ ሽፋን የሰው ሕይወት ነው፤ ስስ የክንድ ቆዳ ይህን አያደርግም።

ስለ አሠራሩም አንድ ቃል። የደረቱ ፍላፕ ተበላሸ ሲባል ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፍላፑ ሳይሆን የእጅ ነው። ቆዳው ከጡንቻው ጠርዝ አልፎ ወደ ሆድ ሲወርድ ከሥሩ የሚመግበው ጡንቻ ስለሌለ ጫፉ ይሞታል። ከአንገት ሥር ባለው ክላቪክል በሚባለው አጥንት ላይ የሚያልፍበት ዋሻ ቢያንስ ሦስት አራት ጣት ካላስገባ ደም መልሱ ይታነቃል። ሴት ስትሆን መቁረጫው በጡት ሥር ባለው እጥፋት ላይ ከዋለ የጡቷ መዛባት በብዙ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው፤ ጥድፊያ ነው የሚያስረሳው።

የጽሑፉ ትልቁ ግድፈት ግን ሌላ ነው፦ ምርጫውን «ወይ ደረት፣ ወይ ማይክሮስኮፕ» ማድረጉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ቦታ ዘልለውታል፤ የክልል ሐኪም ደግሞ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው እዚያ ላይ ነው።

ከንፈርን እንውሰድ። ጉድለቱ እስከ ከንፈሩ አንድ ሦስተኛ ከሆነ አጠጋግቶ መስፋት ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ከላይኛው ከንፈር ቁራጭ ወደ ታችኛው ማዞር ወይም ዙሪያውን ያለውን የአፍ ጡንቻ ከነነርቩ ማንሸራተት ይቻላል። አፉ ይጠባል፤ እውነት ነው። ግን የሚንቀሳቀስና የሚሰማው ከንፈር ይኖረዋል። ከክንድ የመጣ ቆዳ ምንም ቢያምር አይጨብጥም። ከታካሚዎቼ አንዱ አባት፣ ፎጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ መልኬን ተወው፤ ቡና ስጠጣ እንዳይፈስብኝ ብቻ አድርግልኝ» ያሉኝ ለዚህ ነው። ለእኚህ ሰው ነፃ ፍላፕ መሥራት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ወደ አፍ ወለልና ጉንጭ እንምጣ። ከአፍንጫ ጎን ወደ ከንፈር ጥግ በሚወርደው እጥፋት ላይ ያለው ቆዳ፣ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች፣ የላላ ስለሆነ ለትንሽ ጉድለት ተርፎ ይገኛል፤ ጠባሳውም እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። ሰብሜንታል ፍላፕ ደግሞ ከአገጭ ሥር ይነሳል። ስስ ነው፣ ቀለሙ ከፊት ጋር አንድ ነው፣ የተወሰደበት ቦታ ቀና ብሎ ካላሳየ በቀር ለሰው አይታይም። ሁለት ነገር ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፍላፑ የሚነሳበት ቦታ የአፍ ካንሰር መጀመሪያ የሚሰራጭባቸው ዕጢዎች ያሉበት ነው፤ እዚያ እብጠት ከተዳሰሰ ወይም በሲቲ ስካን ከታየ ይህን ፍላፕ ማንሳት ካንሰሩን በገዛ እጅ ወደ አፍ ማዛወር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የሥራ ቅንጅት ነው። ፍላፑን የሚመግበው ከፊት ደም ቅዳ የሚወጣ ቅርንጫፍ ነው፤ አንገት የሚያጸዳው ሐኪም ቀድሞ ካልተነገረው ያንን ደም ቅዳ አስሮ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳ ፍላፕ የለም። ለወንድ ደግሞ ጺሙ አፉ ውስጥ ይበቅላል። ጨረር የሚወስድ ከሆነ አብዛኛው ይረግፋል፤ ካልሆነ ግን ሳይነግሩት ማስገባት አግባብ አይደለም።

ከክላቪክሉ በላይ የሚነሳው የትከሻ ፍላፕም አለ። ፀጉር የለውም፣ ስስ ነው፣ ለአንገት ቆዳና ለጉሮሮ ይደርሳል። ጫፉ በጣም ከረዘመ ይሞታል፤ አንገቱ ታችኛው ክፍል ድረስ ቀድሞ ከተጸዳም ደም ስሩ ስላለመኖሩ ዋስትና የለም። እነዚህ ሁሉ ማይክሮስኮፕ አይፈልጉም። ባልደረባችን ስለ አንዳቸውም መስመር አልጻፉም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ 95 በመቶው። ቁጥሩን አልክድም፤ ብዙ ነፃ ፍላፕ በሚሠራባቸው ማዕከላት ስኬቱ ከዚያም ያልፋል። ቁጥሩ ግን የሐኪሙ እጅ ብቻውን ያመጣው አይደለም። የዋርዱ ቁጥር ነው።

የተሰፉት ደም ስሮች ውፍረታቸው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ደም ከረጋባቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ከደም ቅዳውም ይልቅ ደም መልሱ ነው የሚዘጋው። ደም ቅዳው ሲዘጋ ፍላፑ ይገረጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ በመርፌ ሲወጉት ደም አይወጣውም። ደም መልሱ ሲዘጋ ግን ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ በጣት ተጭነው ሲለቁት የጣቱ ምልክት ከመቅጽበት ይጠፋል፣ መርፌ ሲነካው ጥቁር ደም ቶሎ ይንዠቀዠቃል። ይህን በሰዓቱ ያገኘ ሐኪም ታካሚውን መልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል ያስገባል፣ ስፌቱን ይከፍታል፣ የረጋውን ያወጣል፣ ከተበላሹት ፍላፖች ጥቂት የማይባሉትን ያተርፋል። ሰዓታት ከባከኑ ግን የተከፈተው ደም ስር እንኳ ሥጋውን አይመልሰውም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋርዱን አስቡት። ተረኛዋ ነርስ ትንፋሹ በአንገቱ ቱቦ የሚወጣውን ታካሚ ፊት ቆማለች። ፍላፑ ያለው አፉ ውስጥ፣ ከጥርስ ጀርባ ነው። በአንድ እጇ ምላሱን በእንጨት ትጫናለች፤ አስታማሚው ሞባይሉን አብርቶ ይይዝላታል። ፍላፑ በምራቅና በረጋ ደም ተለውሷል፤ በጋዝ ፋሻ ጠርጋ ካላየችው ሁሌም ጥቁር ይመስላል። በጣቷ ትጫነዋለች፤ ቀለሙ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ያህል ከወሰደ ደህና ነው፤ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ሰው መጥራት አለባት። ይህን በየሰዓቱ ማድረግ አለባት፤ በእሷ እጅ ያሉት ሌሎች ታካሚዎች፣ ደም የሚፈሰው፣ መድኃኒት የሚጠብቀው፣ ኦክስጅን ያለቀበት፣ ሳይቀነሱ። ችግሩን ብታየው እንኳ ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው፦ የሰፋው ሐኪም የት ነው ያለው? የማደንዘዣ ባለሙያው በቄሳራዊ ቀዶ ሕክምና ላይ ነው ወይስ ነፃ ነው? ደም አለ? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ማይክሮስኮፑን ይሸከማል?

እዚህ ላይ ባልደረባችን ያላነሱት አንድ ጉዳይ አለ፤ የቆዳ ቀለም። ፍላፕ ጠቆረ፣ ገረጣ እያልን የምናስተምርባቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው። የእኛ ሰው ጭን ወይም ክንድ ላይ የደም መቋጠርን በዓይን መለየት ለለመደ ሐኪም እንኳ ይቸግራል፤ በሞባይል መብራት ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ ለነርሶቻችን «ቀለሙን እይ» ብሎ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ሙቀቱን ዳስሺ፣ እብጠቱን ከማታው ጋር አወዳድሪ፣ ተጭነሽ ልቀቂ፣ ከተጠራጠርሽ በመርፌ ንኪና የደሙን ቀለምና ፍጥነት እይ ተብሎ፣ ተሠርቶ መታየት አለበት። በእጅ የሚያዝ ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ፣ ካለ ደም ስሩ የሚያልፍበት ቦታ በስፌት ምልክት ይደረግለታል፤ ድምፁን ማንም መስማት ይችላል።

ብርዱም አለ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሐረጎ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደርስ ሰው ጃኬቱን ያወልቃል፤ እዚህ ዋርድ ውስጥ የተኛው ግን ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦም ይንቀጠቀጣል። ሰውነት ሲበርደው ደም ስር ይኮማተራል፤ አዲስ የተሰፋ ደም ስር ደግሞ ይህን አይችልም። የክፍሉን ሙቀት መጠበቅ ከስፌቱ የማይተናነስ ሥራ ነው።

የደረቱ ፍላፕም ቁጥጥር አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም። ግን ሲበላሽ እንዴት እንደሚበላሽ እንይ። ነፃ ፍላፕ ደም ስሩ ከተዘጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ይሄዳል፤ አፉ እንደገና ጉድጓድ ይሆናል፣ የአንገቱ ደም ቅዳም ይገለጣል። ደረቱ ሲበላሽ በአብዛኛው የቆዳው ጫፍ ይሞታል፤ ከሥሩ ያለው ጡንቻ ይተርፋል፣ ቁስሉ በፋሻና በትዕግሥት ይድናል። ነርሷ አንድ ሰዓት ብትዘገይ ይቅር የሚል ፍላፕ አለ፤ የማይል አለ። ምርጫው ውስጥ መግባት ያለበት ይህ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን የለም።

«በአንድ ጊዜ ያልቃል፣ ስለዚህ ይረክሳል» ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። ነፃ ፍላፕ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቀን ኦፕራሲዮን ክፍል ይይዛል፣ ሁለት ቡድን ይፈልጋል፣ ከዚያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ። ያን ቀን ከሰልፍ የሚሰረዙት ሌሎች ታካሚዎች ወጪ በማንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። ደረቱም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ነው። ሁለት ጊዜ የሚሠራው ግንባሩ ነው፤ ሥሩ የሚቆረጠው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ባልደረባችን ያላነሱትን እኔ ላንሳላቸው፦ ከወረኢሉ ወይም ከመካነ ሰላም ለመጣ ገበሬ ሦስት ሳምንት ቀላል አይደለም። በግንባሩና በአፍንጫው መካከል የሥጋ ድልድይ ተዘርግቶ ወደ ሰፈሩ መመለስ ያፍራል፤ ደሴ ላይ ለመቆየት ደግሞ ለራሱም ለአስታማሚውም ማደሪያ ይከራያል። ይህ እውነተኛ ወጪ ነው። መፍትሔው ግን ለአፍንጫ ጫፍ የጭን ቆዳ ማምጣት ሳይሆን በሆስፒታሉ አካባቢ ማረፊያ ማዘጋጀት ነው።

«የክልል ሆስፒታል አይንካ፣ ወደ አዲስ አበባ ይላክ» የሚለውን በሁለት እከፍለዋለሁ፤ ግማሹን እቀበላለሁና።

መላክ ያለበት አለ። የመጀመሪያው የፊተኛው መንጋጋ፣ አገጭ የሚባለው ክፍል የወጣለት ሰው ነው። ያ አጥንት ከሌለ ምላስ የሚያያዝበት ያጣል፣ ወደ ኋላ ወድቆ ትንፋሽ ይዘጋል፤ የታችኛው ከንፈር ይወድቃል፣ ምራቅ ቀንም ሌትም ይወርዳል። ብረት አድርጎ በደረት ጡንቻ መሸፈን ለጊዜው ያምራል፤ ፊት ለፊት ላይ ያለ ብረት ግን ውሎ አድሮ ቆዳውን ቀዶ የመውጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህ ሰው በደም ስሩ የሚኖር አጥንት ያስፈልገዋል። ሂዳልጎ የተባሉ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1989 መንጋጋ ለመተካት የተጠቀሙበት ፊቡላ፣ ማለትም ከቅልጥም ጎን ያለው ቀጭን አጥንት፣ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይሰጣል፤ በአገጭ ቅርጽ ተቆራርጦ ይታጠፋል፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ ስድስት ስምንት ሴንቲ ሜትር ከተተወ ሰውየው ይራመዳል። ከመነሳቱ በፊት እግሩ በየትኞቹ ደም ስሮች እንደሚመገብ መታየት አለበት፤ አንዳንድ ሰው እግሩ የሚኖረው በዚያው በሚወሰደው ደም ስር ነውና። የላይኛው መንጋጋ በሙሉ ከዓይን ወለል ጋር የወጣለትም እንዲሁ ይላክ። እነዚህን እዚህ በግማሽ ዝግጅት መሞከር ጀግንነት አይደለም።

የተቀረው ግን? ጥርስ የሌላቸው አዛውንት የመንጋጋቸው ጎን ሲወጣ አጥንት ባይተካም ይኖራሉ። አገጫቸው ወደ ወጣው ጎን ይዞራል፤ ገንፎውን፣ ፍትፍቱን ግን ይበላሉ። በወጣቶች መንጋጋ ላይ የሚያድገው አሜሎብላስቶማ የሚባል እብጠት ደግሞ ካንሰር አይደለም፤ ጨረርም አይከተለውም፤ ጉድለቱ ከስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልበለጠና የአፉ ቁስል ከዳነ በኋላ በአንገት በኩል ከተገባ ከዳሌ የተወሰደ አጥንት ያለ ማይክሮስኮፕ ሊይዝ ይችላል። እነዚህን ሁሉ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በከሚሴ፣ በሸዋሮቢት፣ በጣርማ በር አድርጎ ለመላክ ምክንያቱ ምንድን ነው? ታካሚው ደርሶ ወረፋ ይይዛል። የአፍ ካንሰር ወረፋ አያውቅም፤ መጀመሪያ በትንሽ ፍላፕ ይዘጋ የነበረው በተራው ቀን ፊቡላ የሚጠይቅ ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ የማይቆረጥ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ጨረር የሚያስፈልገው ደግሞ በስድስት ሳምንት ውስጥ እንዲጀምር ይመከራል። ለጨረሩ መሄዱ ካልቀረ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ካርዱና የፓቶሎጂ ውጤቱ በእጁ ሆኖ ቢሄድ አይሻልም? እዚህ ጥያቄው የትኛው ፍላፕ ያምራል የሚለው አይደለም፤ የትኛው በስድስት ሳምንት ውስጥ ደርቆ ይገኛል ነው።

ስለ ኖማ የጻፉት ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው የማልስማማው፤ በጣም አቅልለውታል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 ታኅሣሥ ወር ነው፤ ቀላል ስለሆነ አይመስለኝም። በሽታው ጉንጩን በልቶ ሲድን የሚተወው ጠባሳ መንጋጋን ከራስ ቅል ጋር ያስራል፤ ልጁ አፉን መክፈት አይችልም። በላዩ ቆዳ አዙሮ ቀዳዳውን መድፈን የተዘጋ አፍን ማሸግ ነው። መጀመሪያ ጠባሳው፣ ካስፈለገም የተያያዘው አጥንት፣ ይለቀቃል፤ ከዚያ ሁለት ሽፋን ያስፈልጋል፣ አንዱ ለውስጥ አንዱ ለውጭ፤ ከዚያ ለወራት አፍ የመክፈት ልምምድ። አፍ ስለማይከፈት የማደንዘዣ ቱቦ ማስገባቱ ራሱ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ባልደረባችን ወደ አዲስ አበባ ከሚልኳቸው ብዙዎቹን እዚህ አስቀርቼ፣ እዚህ ከሚያስቀሯቸው ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹን እልካለሁ።

የቀረው ማይክሮስኮፑ ነው። ይምጣ፤ ማን ይጠላል። ከ2014 ዓ.ም. የጦርነት ዘረፋ በኋላ የሆስፒታል ዕቃ መልሶ ማሟላት ምን ማለት እንደሆነ ለደሴ ሰው አይነገረውም፤ ለጋሽ ሲገኝ «አንፈልግም» አንልም። ግን ከእሱ በፊት የሚመጡ ርካሽ ነገሮች አሉ፦ ሌሊት ለፍላፕ ታካሚ ብቻ የምትመደብ አንዲት ነርስ፣ የእጅ ዶፕለር፣ ጥሩ የራስ መብራት፣ ማሞቂያ፣ በየሰዓቱ የሚሞላ አንድ ገጽ ቅጽ፣ ከሁሉም በላይ «ጠረጠርኩ» ብላ ስትደውል የማይቆጣት ሐኪም። እጅ ለማፍታታትም ማይክሮስኮፑ እስኪገዛ መጠበቅ የለብንም፤ ከሰኞ ገበያ የተገዛ ዶሮ ጭኑ ውስጥ ያለው ደም ስር ውፍረቱ ለልምምድ ይበቃል፤ ሬዚደንቶች (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች) ሉፕ በሚባለው አጉሊ መነጽር ሊሰፉበት ይችላሉ። ብዙ ቦታ የሚደረግ ነው።

ያ ሁሉ ተሟልቶ ነፃ ፍላፕ በቋሚነት ስንጀምር ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች የማቀርበው ሐሳብ አለኝ፤ ባልደረባችንም ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል። የክንዱ ፍላፕ ለግማሽ ምላስ፤ ጨረር ያልወሰደ አንገት፤ ደም ስሩ ትልቅ፣ ፍላፑ ስስ፣ አፍ ሲከፈት የሚታይ። የእጁ ደም ዝውውር በሌላኛው ደም ቅዳ ብቻ እንደሚበቃው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይፈተሽ። ዕለቱ ደግሞ ሰኞ ይሁን፣ በዕለቱ ሰልፍ መጀመሪያ ላይ። ሰኞ ጠዋት የተሠራ ፍላፕ አስጊዎቹ ሌሊቶች ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ናቸው፤ የሰፋው ሐኪምም፣ የማደንዘዣው ባለሙያም፣ የደም ባንኩም ከተማ ውስጥ ናቸው። ዓርብ የሚሠራን ግን እኔ አልፈርምበትም።